ከላይ የምትመጣው ቀጭን ድምፅ

እንጨት ቤቱ ውስጥ «ሮከሩ የት አለ?» ካላላችሁ ማንም አያሳያችሁም። ቅጽል ስሙን ያተረፈለት የገዛ ምላሱ ነው። አራት ጎረምሶች ጋራዥ ውስጥ ተለማምደው ባወጡት አንድ አልበም ፍቅር አብዶ፣ ሳንቃ ሊያሰነጥቅ የመጣውን ሁሉ አስቁሞ ፓወር ፖፕ ስለሚባለው የሮክ ዓይነት ያስተምራል። «ጊታሩ ይጮኻል፤ ዜማው ግን ከረሜላ ነው! ገና ጀመረ ስትል ያልቅና ቀኑን ሙሉ ከአፍህ አይወጣም!» ባንዱ ከዚያ ወዲህ ሌሎች አልበሞችም አውጥቷል፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏቸዋል። የሚወደው የመጀመሪያውን ነው፤ ልጆቹ ዝና ሳያምራቸው የዘፈኑትን። በዚህስ አይፈረድበትም።

ከአልበሙ ሁሉ የሚሞትላት ደግሞ የመጨረሻው ዘፈን መዝጊያ ላይ ያለችው ናት። ጊታሩና ከበሮው ሲጋጋሉ ከላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ ትመጣለች። ግጥም የላትም፤ «ኡ... ኡ...» ብቻ። እሷን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ይጠጣል። ሴት ልጁን በሕፃንነቷ እሹሩሩ ያላት በእሷ ነው።

የኤሌክትሪክ መጋዙ ላይ ጆሮውን ሸፍኖ ሠርቶ አያውቅም። አለቃው የጆሮ መከላከያ ሲገዛለት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ምላጩ ሳንቃ ውስጥ የተረሳ ሚስማር ሲነካ ድምፁ ይለወጣል፤ ያንን በጊዜ ያልሰማ ጣቱን ይሰናበታል። የእንጨት ቤት ሰው ሁሉ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሮከሩም ጣቶቹ ሙሉ ናቸው፤ በዚህ ደረቱን ይነፋል።

ከዓመታት በኋላ ቀጭኗ ድምፅ እየራቀችበት ስትሄድ ጥፋቱን አልበሙ ባለባት ካሴት አላከከ። ከዚያ ማጫወቻውን ረገመ። በመጨረሻ ሚስቱ ላይ ዞረ። «አቧራ አስገባሽበት!»

«እኔስ ከጓዳ ስጠራህ መች ትሰማኛለህ?» አለችው።

ይህንንም አልሰማም።

አንድ እሑድ ልጁ ልትጠይቃቸው ስትመጣ አልበሙን ስልኳ ላይ አግኝታው ነበር። «አባዬ፣ ጥርት ያለ ነው! ትናንት የተቀዳ ነው የሚመስለው» ብላ አንዱን ማዳመጫ በሱ ጆሮ፣ ሌላውን በራሷ ሰካች። የመጨረሻውን ዘፈን ከፈተችለት። ከበሮው መጣ፤ ጊታሩም ደብዘዝ ብሎ መጣ። ሮከሩ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

ድንገት ልጁ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አሞጠሞጠች። «ኡ... ኡ...» እያለች ነው። እሱ ጋ ግን ከበሮ ብቻ ነው ያለው።

ያኔ ቁርጡን አወቀ። ካሴቷም፣ ማጫወቻውም፣ ሚስቱም ንጹሕ ናቸው። ድምፁን እስከ መጨረሻ ጨመረው፤ ልጅቷ ደንግጣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለች። እሱ ግን ምንም አልተጨመረለትም። ፈራ። የሚጨቃጨቀው ነገር አጣ፤ የሚጠግነውም።

«ድገሚልኝ» አላት። «እሷ ስትመጣ አብረሻት በይ። አፍሽን አያለሁ።»

ልጅቷ ድምፁን ቀንሳ፣ ማዳመጫዋን መልሳ ሰክታ ደገመችለት። ሮከሩ ዓይኑን ከንፈሯ ላይ ተክሎ፣ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ጠበቀ። ቦታው ሲደርስ የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላና፣ «ኡ...» ማለት አቅቷት ከንፈሯን ነከሰች። ቀጭኗ ድምፅ መጥታ አለፈች።

«ገና ነው፣ አይደል?» አላት።

ምን ትበለው? «ገና ነው፣ አባዬ» አለችው።

ከበሮው እስኪቆም ድረስ ጠበቀ።