ጎረቤቴ ሚስተር ዋሽንግተን

«እኚህ ሰውዬ አባታቸው ምን ቢሠሩ ነው አገሩ ሁሉ በስማቸው የተጠራው?» አለችኝ እማዬ፣ ዛሬ ጠዋት ስካይዌይ በሚባለው ሰፈራችን፣ በራችን ላይ ቆመን።

ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ወሯ ነው። የምንኖርበት የአሜሪካ ስቴት ዋሽንግተን፣ ሐይቁ ዋሽንግተን፣ በቲቪ የምታየው ዋና ከተማም ዋሽንግተን። አሁን ደግሞ ጎረቤታችንን «ሚስተር ሌስተር ዋሽንግተን» ብዬ አስተዋወቅኳት።

ሶ፣ እያፈርኩ ጥያቄዋን ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ከት ብለው ሳቁ።

«አባቴማ አናጢ ነበር፤ ስሙም ኦቲስ። ዋሽንግተንን ቅድመ አያቴ ነው ከባርነት ሲወጣ ለራሱ ያወጣው። የገዛውን ሰው ስም ይዞ መኖር አልፈለገም።»

እማዬ ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እንግዲያው በእኛ ወግ እርስዎ ሌስተር ኦቲስ ነዎት» አለቻቸው።

«ሌስተር ኦቲስ» ብለው ቀስ ብለው ደገሙት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው ካጣሁ ስንት ዘመኔ!»

እኔ ደግሞ ሥራ ቦታ «ሚስተር ታደሰ» ባሉኝ ቁጥር «ታደሰ አባቴ ነው፣ እኔ ዳዊት ነኝ» እያልኩ ኮሬክት ሳደርግ ነው የኖርኩት። አንዳንዴማ በንጭንጭ።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። ነገ «ታደሰ!» ብሎ የሚጠራኝ ካለ፣ አቤት ነው የምለው።

እናንተንስ እዚህ አገር በማን ስም ይጠሯችኋል? እስቲ የአባታችሁን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እማዬ አጠገቤ ናት፤ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።