ባሌ ጠገነው የተባለው ሁሉ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይህን ተረት የተረተውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ በወንድ ሲያልቅ እንዴት አድርጎ እንደሚያልቅ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። እዚሁ ጎንደር፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ አይቻለሁ። ሰዎች «ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው» ይሉኛል። አልተወውም! ወላሂ አልተወውም። እኔ አርጅቻለሁ፣ ንዴቴ ግን አላረጀም።

አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። አምፖል፣ ሶኬት፣ ናስትሮ፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጥባታል። ከአይከል በኩል ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎች «አያ፣ ይችን ራዲዮ እስኪ ተመልከታት» እያሉ ያስረክቡት ነበር። ዓይኑ ስለደከመ ቀጭን ሽቦ ማገናኘት አይሆንለትም። ወንድም የለኝም። ስለዚህ ፒንሳውንና ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ከአጠገቤ ቁጭ ብሎ በአፉ እየመራ አሠራኝ። ሴት ናትና አይሆንም ብሎ አያውቅም። ሳገባም እነዚያን መሣሪያዎች በአንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ሞልቶ ከጓዜ ጋር አብሮ ላከልኝ።

ያገባሁት ጨርቅ ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ንግግሩ ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ፣ ሰላምታው ረጅም። እጁ ግን ከሜትርና ከመቀስ በስተቀር ምንም አያውቅም፤ አምፖል ሲቀይር እንኳ እኔ ነኝ ከሥር ቆሜ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» የምለው። የገባንበት ግቢ ሦስት ቤት ሆኖ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቤት ከትክል ድንጋይ ገጠር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ይኖሩ ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። በረመዳን ማፍጠሪያችን ሲደርስ ከእኔ ቀድመው ሰዓቱን የሚጠይቁ፣ በጾማቸው ደግሞ ከእኔ ቤት የወተት ሽታ እንዳይደርሳቸው የምጠነቀቅላቸው ጎረቤቴ ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው በእሳቸው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ጥቅልል ሽቦው ተበጥሶ አመጡልኝ። ማለቴ፣ ቤታችን አምጥተው አስቀመጡት። እኔ የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች በቢላዋ ፍቄ፣ አንዱን በአንዱ አቆላልፌ፣ በፒንሳ አጥብቄ፣ በሸክላው ቦይ ውስጥ መልሼ አስተኛሁት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ባሌ ከዙሁር ሶላት ሲመለስ «ይከብድሻል» ብሎ ምድጃውን ተሸክሞ ወሰደላቸው። ሰካው፣ ፍም መሰለ። እማማ እልልታቸውን አቀለጡት። «እሰይ የኔ ልጅ! እጅህ ይባረክ! ምነው እስተዛሬ ደበቅኸን፣ ሸጋ እጅ ነው ያለህ!» አሉት። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። አየኝ። መሬት አየ። ከዚያ «አሜን እማማ» አለ።

አሜን አለ እኮ! በእኔ እጅ ላይ አሜን አለ!

ቤት ስንገባ «ምነው አሜን አልክ?» ብዬ ያዝኩት። «ምርቃት እኮ አይመለስም» አለኝ። «ደግሞስ ሰው ምን ይላል? ሚስቱ ፒንሳ ይዛ እሱ ቁጭ ብሎ ያያል ይበሉኝ? አንድ ቤት አይደለን እንዴ፣ ለአንቺም ለእኔም ያው ነው።» እኔስ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ! ያቺን ሳቄን ዛሬ ባገኛት አንቃት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በር አልተዘጋም። የግቢው ሰው አልፎ የሰፈሩ ሰው የተበላሸ ካውያ፣ አንቴናው የተሰበረ ራዲዮ፣ የሚያፈስ ጀሪካን እየያዘ «ባለቤትሽ አሉ?» ማለት ጀመረ። ባሌ ይቀበላል፤ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ እጠግናለሁ፤ እሱ ያስረክባል፤ ምርቃቱን ይቀበላል። ጀሪካኑን በጋለ ቢላዋ ላስቲክ አቅልጬ የምደፍነው እኔ፣ ጣቴ የሚላጠው እኔ፣ እጁ ወርቅ የሚባለው እሱ! ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የራሴ ሥራ ነው። ሰው ሲጠይቀው እንዳያፍር ብዬ ቃሉን አስጠናው ነበር። «'ኮንታክቱ ላልቶ ነው' በላቸው። 'ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሶ ነው' በላቸው።» እሱም ይላል። እንዲያውም ከእኔ አሳምሮ ይላል። ወሬውን አስተማርኩት፣ ሥራውን ግን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አይቶ አያውቅም።

ዓመት ዓመትን ሲወልድ ውሸቱን ራሱ አመነው። ሞባይል በከተማው መብዛት በጀመረበት ጊዜ አንድ ጎረቤት ስልኩን ሳፋ ውስጥ ጥሎ እየሮጠ መጣ። ባሌ እኔን ሳይጠይቅ «ጤፍ ውስጥ ቅበረው» አለው። በሩዝ ይደርቃል ሲባል የሆነ ቦታ ሰምቷል፤ ሩዝ ካደረቀ ጤፍማ ደቃቅ ስለሆነ የበለጠ ያደርቃል ብሎ በራሱ ፈላስፏል። ሰውየው ሁለት ቀን ቀብሮ ሲያወጣው ጤፉ በቻርጀሩ ቀዳዳ፣ በድምጽ ማጉያው፣ በቁልፎቹ ሥር ገብቶ ተቀርቅሯል። ከሰዓቱን ሙሉ በስፌት መርፌ አንድ አንድ እያልኩ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ስልኩ ሲሠራ «እጅህ ይባረክ» የተባለው ማን ይመስላችኋል?

እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ቀን፣ ሰው ፊት፣ «እሷ ናት የሠራችው» እንዲል ብቻ። አንዴ ብቻ። ስንቴ ነገርኩት! «ይሁን፣ እላለሁ» ይላል። ሰው ሲመጣ አፉ ይታሰራል።

እማማ ስንት ዓመት ያቆዩት የባላቸው ተዝካር በደረሰበት ሳምንት አክስቴ ኮላ ድባ ከተማ አረፈች፤ ለለቅሶ መሄድ ነበረብኝ። እማማ ለድግሱ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ባንድ ጊዜ ይሰካሉ፣ የግቢው ቫልቮላ ደግሞ ገና ከመሰናዶው ሁለቴ ተቃጥሎብኛል። ስለዚህ ባሌን ቆጣሪው ሥር አቁሜ አሳየሁት። «ቫልቮላ የተሠራው እንዲቃጠል ነው» አልኩት። «ኃይል ሲበዛ እሱ ቀድሞ ይበጠስና ቤቱ ይተርፋል። ሲቃጠል ከዚህ ሽቦ ውስጥ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ መዝዘህ እሰርበት። አንዲት! ሁለት እንኳ እንዳታደርግ። ደጋግሞ ከተቃጠለ አንዱን ምድጃ ያንሱት።» «እሺ፣ እሺ» አለኝ። ዓይኑ መንገድ ላይ ነበር፤ ሰው እንዳያየን ይጠብቃል።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ የግቢው ሴቶች ናቸው። በተዝካሩ ዋዜማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽንኩርት ተጥዶ እያለ መብራት ጠፋ። ባሌን ጠሩት። ክሩን መዘዘ፣ አሰረ፣ በራ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ጠፋ። ሴቶቹ «ምነው ዛሬስ እጅህ እምቢ አለህ?» እያሉ ቀለዱበት። በቃ፣ ያቺ ቀልድ ናት! አንዱን ምድጃ አንሡ ከማለት ይልቅ ቤት ገብቶ ከቆርቆሮዬ ውስጥ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አወጣ፣ ቫልቮላው ላይ ጠመዘዘ፣ «አሁን አጠንክሬላችኋለሁ፣ ከእንግዲህ አይቃጠልም» አላቸው። መረቁት። አሜን ብሏል፣ ምን ይጠየቃል።

እውነቱን ነው፣ ቫልቮላው አልተቃጠለም። የተቃጠለው የእማማ ቤት ነው። ኮርኒሳቸው ማዳበሪያ ተሰፍቶ ኖራ የተቀባ ነበር፤ አሮጌው ሽቦ ከላዩ ያልፋል። ሽቦው ግሎ ልባሱ ቀለጠ፣ ማዳበሪያው ተያያዘ። እማማ ከወጡ በኋላ ለተዝካሩ ያስፈጩትን በርበሬ ላድን ብለው ተመልሰው ገቡ። የቀለጠው ማዳበሪያ እጃቸው ላይ ተንጠባጠበ። ጎትተው አወጧቸው።

እኔ የደረስኩት በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የእማማ ግድግዳ ከሰል መስሏል፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል። የእማማ ወንድም ከገጠር ደርሰው ዱላቸውን ተመርኩዘው መሐል ላይ ቆመዋል። «ቫልቮላውን እንዲህ ያደረገ ማነው?» ይላሉ። ባሌ ላብ አጥምቆታል። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ስገባ አየኝ፤ በጣቱ ጠቆመኝ።

«እሷ ናት» አለ። «ያሳየችኝ እሷ ናት። እንዳሳየችኝ ነው ያደረግሁት። የመብራቱን ነገር እስከ ዛሬም የምትሠራው እሷ ናት፣ እኔ ምንም አላውቅም።»

ሰው ፊት አለው። በስንት ዓመቱ፣ ሳይንተባተብ፣ ጮክ ብሎ አለው!

ደግሞስ አመኑት! ይህ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። የስንቱን ቤት ዕቃ ጠግኜ አንድ ሰው «አንቺ ትሆኚ እንዴ?» ብሎ ጠርጥሮኝ አያውቅም፤ ቤት ሲቃጠል ግን አንዲት ቃል በቃቻቸው። «ሴት ልጅ መብራት ትነካለች እንዴ? ቀድሞስ ከዚህ ሌላ ምን ሊመጣ ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ቦርሳዬን ወረወርኩት። በርጩማ ጎትቼ ቆጣሪው ሥር ወጣሁ፣ ቫልቮላውን ነቀልኩ፣ ክብሪት እንጨት የሚያህለውን ሽቦ በፒንሳ ፈትቼ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። «ይህን ነው ያሳየሁህ? አንዲት ክር አላልኩህም? ተናገር እንጂ! ኮንታክቱ ላልቶ ነው በላቸዋ!» ጮህኩ። የጎንደር ሰው ሁሉ የሰማኝ ይመስለኛል። እሱ ጫማውን ያያል። «በሉ የባልና የሚስት ነገር ነው፣ ቤታችሁ ጨርሱት» ብለው ሽማግሌዎቹ ተበተኑ። እኛም ቤታችን አልጨረስነውም። ዓመቱ ሳይዞር ተለያየን።

ያን ዕለት ሽማግሌዎቹ እንደተበተኑ በቀጥታ የሄድኩት እማማ ወደተኙበት ጤና ጣቢያ ነው። ሁለቱም እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ሆዳቸው ላይ ተቀምጧል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ከመጀመሪያዋ ምድጃ ጀምሬ፣ ራዲዮውን፣ ካውያውን፣ ጀሪካኑን፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሠራሁትን ሁሉ፣ ባሌ አሜን ያለበትን ሁሉ። ስናገር እያነባሁ ነበር፤ የንዴት እንባ ነው። እንዲረግሙልኝ ነበር የፈለግሁት። አንዲት እርግማን ከእሳቸው አፍ ብትወጣ ደስ ይለኝ ነበር።

እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ባሌን አላነሡትም። ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው። «ምነው ለኔ እንኳ አልነገርሽኝ? አንቺ መሆንሽን ባውቅማ ማንን አስነካ ነበር? በእንጨት እየሠራሁ እስክትመጭ እጠብቅሽ ነበር።»