ከመዝገቡ ያልወጣው ወሬ

የልጅ ልጄ ሰሎሜ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ መጥታ የምሳ ጠረጴዛዬን በወረቀት ሞላችው። ለአንድ የንግድ ድርጅት «የመረጃ ሥርዓት ስትራቴጂ» እያዘጋጀች ነው። ምንድን ነው ብላት፣ «አባባ፣ ማን ምን ማወቅ አለበት፣ መቼ፣ ከማን ይሰማል፤ ይኸው ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ይኼን ሥራ እኮ እኔ መንዝ፣ ሞላሌ ላይ በሃያ ሁለት ዓመቴ ሠርቼዋለሁ! ሠርቼም ተዋርጄበታለሁ።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ድቁናውን ትቼ ባና ለሚነግዱት ለአቶ ተሰማ ጸሐፊ ሆኜ ነበር። ባና ያው ከበግ ጠጉር የሚሠራው፣ የመንዝን ብርድ የሚመክትልን ወፍራም ልብሳችን ነው። የአቶ ተሰማ ችግር ዕቃ አልነበረም፤ ወሬ ነበር። ባናው ዘመሮ ገበያ ሲፈለግ እሳቸው መሐል ሜዳ ገበያ ይልካሉ፤ መሐል ሜዳ ሲፈለግ ዘመሮ። አንድ ቀን እኔንና እትዬ የሺን ጠሩና፣ «የዚህ ቤት ወሬ በምን መንገድ እንደሚገባ አስባችሁ ንገሩኝ። የሚበጀውን ያመጣ መጋዘኑን ይረከባል» አሉ።

እትዬ የሺ ጠጉር ገዢያችን ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላቸው እንጂ በሆዴ «አንቺ» ነበሩ።

እኔ ሳምንት ሙሉ መዝገብ ሳሰምር ከረምኩ። የገበያው ስም፣ የባናው ዓይነት፣ ወሬውን ያመጣው ሰው፣ ቀኑ። የቤተ ክርስቲያን ልማድ አልለቀቀኝምና የአቶ ተሰማን ስም እንደ ቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ጻፍኩት። እትዬ የሺ ባዶ እጃቸውን መጡ። «ያገራችን ሰው ከገበያ የሚመለሰውን ‹ገበያው እንዴት ዋለ?› ሳይል አያሳልፍም፤ ተጠያቂውም ሳይመልስ አይሄድም። በየገበያው መውጫ ዘመድ አለችኝ። ትጠይቅና ወዲህ ለሚመጣ ሰው ትንገርልኝ» አሉ። በቃ፣ ይኼው ነው!

አቶ ተሰማ በቀይ የተጻፈውን ስማቸውን አይተው ፈገግ አሉ። «ጽሕፈትህስ ያምራል። ለጊዜው ግን በየሺ ይሁን፤ አንተ የሚመጣውን እየጻፍክ ንገራት» አሉኝ።

ቅናት ያዘኝ። ይባስ ብሎ ነገሩ ሠራ። ባናው በሄደበት ሁሉ ይሸጥ ጀመር፤ ሰዉም «የሺ፣ የሺ» ማለት አበዛ። በሶ ስጠጣ እንኳ ስማቸው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ያን ሁሉ ዓመት ለዜማና ለቅኔ ለፍቼ በ«እንዴት ዋለ» ልሸነፍ?

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ እትዬ የሺ ለቅሶ ሄደው ሳለ አንድ የዘመሮ ሰው ዝናብ ያራሰውን ጋቢውን እየጨመቀ መጣ። «ቅዳሜ አገሩ በሙሉ ተዝካር ላይ ነው የሚውለው፤ ዘመሮ ገበያ ሰው አይወጣም። ባናውን መሐል ሜዳ ይውሰዱት ብለህ ለየሺ ንገራት» አለኝ። ጠላ ቀድቼ ሸኘሁትና መልእክቱን አሳምሬ ጻፍኩ። ሰይጣኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ የሺ ተመልሰው «ከዘመሮ የመጣ ሰው የለም?» ሲሉኝ፣ ብዕሬን እየጠረግሁ «ማንም» አልኩ። የጻፍኩትን እንዳልፍቀው ደግሞ ለመዝገቤ ውበት ሳሳሁ።

ቅዳሜ አህዮቹ ባናውን ተጭነው ዘመሮ ሄዱ። ገበያው ጭር ብሏል። ሲመለሱ ዝናብ አገኛቸው፤ ባናው ውሃ ጠጥቶ አህዮቹን አጎበጣቸው።

አቶ ተሰማ እትዬ የሺ ላይ ጮኹባቸው። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ፣ «ዘመዴ እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም» ብቻ አሉ። ደስ አለኝ። ዛሬ ምን ያዋሸኛል፣ ደስ አለኝ! አቶ ተሰማ «መዝገብህን አምጣ፤ ከእንግዲህ በእሱ ነው» ሲሉማ ደስታው አሳወረኝና ሮጬ ሰጠኋቸው። ገለጡት። ጣታቸው ሐሙስ ላይ ቆመ። ቀስ እያሉ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አነበቡት።

«መዝገቡስ ደግ ነበር» አሉ ዘግተው። «የከፋው ያዡ ነው።»

ሊያባርሩኝ በሩን ሲያሳዩኝ የማለዱልኝ እትዬ የሺ ናቸው። «ይተውት ጋሼ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? ይኸው አላሳጣኝም» ብለው ሳቁ። «መንገድ ላይ ቆሞ ገበያው እንዴት ዋለ ይበል። የሰማውን ይጻፍ፤ የጻፈውን በአፉ ይንገረኝ።» መጋዘኑን እሳቸው ተረከቡ። እኔ ክረምቱን ጭጋግ ውስጥ ቆሜ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ አላፊውን ሁሉ ስጠይቅ ከረምኩ።

ሰሎሜ ወረቀቷን አስነበበችኝ። ኮምፒዩተሩም፣ ስልኩም፣ የሠራተኛው ድርሻም አለበት። «የረሳሁት ነገር አለ?» አለችኝ።

«ሰምቶ፣ ጽፎ፣ ዝም የሚለውን ሰው የት አስገባሽው?»

ቀና ብላ አየችኝና ብዕሯን አነሳች። «ይኼ ጥሩ ነው፤ ማን አስተማረህ?» አለች። የእትዬ የሺ ስም ምላሴ ላይ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያን ስም ለማውጣት ጥቂት ታገልኩ።