ከአባቴ መኪና የወጣው ፕላቲኒየም

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ጥያቄ አጭር ነበር፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ ፕላቲኒየም ላይ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ መርዝነቱን የሚተወው በምን ያህል ፍጥነት ነው? ፕላቲኒየሙ ግን የሚመጣው ከውጭ ነው። ዓመት ሙሉ "መንገድ ላይ ነው" ተባልኩ። በመጨረሻ አማካሪዬ እስከ ክረምት ካልደረሰ ሌላ ርዕስ ይዤ ከዜሮ እንደምጀምር ነገረኝ።

ቤት ገብቼ ስነጫነጭ አባቴ ሰማ። በአሮጌ መኪናው ከአዲሱ ገበያ ቁስቋም ሰው ያመላልሳል።

"ምን ዓይነት ዕቃ ነው?"

"መኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ፣ ቀፎ የመሰለ ነገር ላይ የሚቀባ ብረት።"

"እሱንማ መካኒኩ አውጥቶ ጣለልኝ! በቁስቋም ዳገት መኪናዋን ትንፋሽ እያሳጠራት። አሁን እንዴት እንደምትወጣ አታዪም?"

አብረን ጋራዡ ሄድን። የእኔ ፕላቲኒየም ነፋስ እንዳይዘጋው የቆርቆሮውን በር ደግፎ ተቀምጧል።

"በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" አለ አባቴ፣ ያስወጣው ሌላ ሰው ይመስል።

ያለ እሱ ጭሱ መርዝ እንደሆነ፣ የማይለቀው ሳሉም ከዚያ ሊሆን እንደሚችል ስነግረው አልተጨነቀም። "ትምህርትሽን ስትጨርሺ መልሰሽ ታስገጥሚልኛለሽ" አለኝ። ፈጭቼ ዱቄት እንደማደርገው ሳልነግረው ቀፎውን ታቅፌ ወጣሁ። ያፈርኩት ያኔ ነው፤ መፍጨቱን ግን አልተውኩም።

ሙከራው ሠራ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጋዙ እንደ ማለዳ ታክሲ ተሳፋሪ ወንበሩን ሁሉ ይይዛል፤ ኦክስጅን መቀመጫ አጥቶ ይመለሳል። ሲሞቅ ግን ጥቂቱ ይነሳል፣ ኦክስጅን ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የለም። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን በደስታ አለቀስኩ።

ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን አንድ ፈታኝ "ይህ ጥናት ለአካባቢያችን ሰው ምን ይጠቅማል?" ብለው ጠየቁኝ። "የመኪና ጭስን..." ብዬ ስጀምር ሌላው ፈታኝ እያሳላቸው ተነስተው መስኮቱን ዘጉ።

"ማነው ደግሞ ሞተር ሳያጠፋ እዚህ የቆመው?"

ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ካጠፋት አልነሳም ትለዋለች ብሎ፣ ሊወስደኝ እየጠበቀ ነው።

መልሴን ጨረስኩ፣ ፈተናውንም አለፍኩ። ከዚያ ወርጄ ጎኑ ተቀመጥኩና መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ።

"ሞቀሽ እንዴ?" አለኝ እያሳለ። "ብርዱ ነው የሚያስለኝ፣ ዝጊው።"