አሸናፊ ይቀጥላል

ሃምሳን ካለፍኩ ቆየሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን አሁንም ወረታ መገንጠያው አጠገብ ካለችው ፕሌይስቴሽን ቤት አልጠፋም። የሰፈሩ ሰው ይስቅብኛል። "እኒህ ሰውየ የልጅ ልጅ በሚያቅፉበት ዕድሜ ጆይስቲክ ይዘው ይጮሃሉ" ይላል። ይበል! ጠላ ቤት ተቀምጨ ሰው ከማማ ይኼ ይሻለኛል።

ስለ ጌም ከጠየቃችሁኝ አፌ አያርፍም። የዘንድሮ ጌም መልኩ ያምራል፤ ሜዳው ላይ ያለው ሣር ሳይቀር በነፋስ ይወዛወዛል። ግን ልፍስፍስ ነው። ተጫዋቹ ሲጨንቀው ፖዝ አድርጎ ውሃ ይጠጣል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ሲሸነፍ ደግሞ ጆይስቲኩ ተበላሽቶ ነው ይላል። ተኩስ ያለበትን ጌም ጨርሸ አልነካም። ተመትቶ ወድቆ ወዲያው አቧራውን አራግፎ የሚነሣ ወታደር ሳይ ቆሽቴ ያርራል። የት ያለ ወታደር ነው እንዲያ የሚነሣ?

እዚያች ቤት ግድግዳ ላይ "አሸናፊ ይቀጥላል" የሚል ጽሑፍ አለ። ያሸነፈ ቦታውን አይለቅም፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ተረኛ ይቀመጣል። እኔ ካሸነፍኩ ጆይስቲኩን አስቀምጨ እወጣለሁ። "ፋዘር፣ ማን አባረረዎት? ቦታው እኮ የርስዎ ነው!" ይሉኛል። ወገቤን አሞኝ ነው እላቸዋለሁ። ወገቤ ደህና ነው።

በደርግ ጊዜ የሰንበት መዝናኛ ምን ይመስል እንደነበር ብነግራቸው አያምኑኝም። ቅዳሜ ስብሰባ ነው። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ እንደወጣ ለልማት ቦይ ቆፍር ትባላለህ። ከዚያ የተረፈህን ሰዓት ቀበሌ አዳራሽ ገብተህ ኪነት ታያለህ፤ ያችው መዝሙር፣ ያችው ጭብጨባ። ያላጨበጨበ ስሙ ይያዛል። ይኼ ነበር መዝናናት! ገበጣ የሽማግሌዎች ነበረች። ዳማ እወድ ነበር፤ ያስጠላኝ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። ዳማ ይወዳል፣ መጫወት ግን አይችልም፤ እሱን የሚያሸንፍ ደፋር ደግሞ አልተፈጠረም። እያወቅክ ጠጠርህን ስታስበላ መዋል ምኑ ጨዋታ ነው?

ከዚያ ጆተኒ መጣ።

ከጎንደር በጭነት መኪና የመጣ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ ነበር። ባለቤቱ ከተሰበረው እግር ሥር ድንጋይ ደልድሎ መገንጠያው ላይ ካለችው ቆርቆሮ ቤቱ አቆመው። ድንጋዩ ስላነሰ ሜዳው ያዘነብላል። በጎንደር መንገድ በኩል ያለውን ጎል "ጎንደር"፣ በደብረ ታቦር መንገድ በኩል ያለውን "ታቦር" አልነው። ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ታቦር ትንከባለላለች። ታቦርን የሚጠብቅ ሰው እጁ ካልፈጠነ አለቀለት።

ታቦርን የሚጠብቀው ጓደኛየ ነበር። ጆተኒ ሁለት ለሁለት ነው፤ አንዱ የፊቱን ዘንግ ይይዛል፣ ሌላው በረኛውንና ተከላካዮቹን። እኔ ፊት፣ እሱ ኋላ። የአንድ መንደር ልጆች ነን፤ ወረታ ከተማ ለመድረስ ሜዳውን አንድ ሰዓት ያህል እንሄዳለን። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፣ ወረታ አሥረኛ ክፍል እማር ነበር። እሱ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ከስድስተኛ ትቶ እርፍ ጨብጧል። መዳፉ እንደ ቅርፊት የሻከረ ነው፤ ዘንጉን ሲይዝ ግን አይጣል! ኳሷን ጸጥ አድርጎ ያቆማታል፣ ያያታል፣ ለኔ ይሰጠኛል። አንድ ቀን ሲያሽከረክር አይቸው አላውቅም። ዘንግ የሚያሽከረክር ሰው እስከ ዛሬ ድረስ እንቃለሁ፤ እሱ ወፍጮ ያዙር እንጂ ጨዋታ ምን አገባው?

ሁለታችን ስንቆም የሚያስነሣን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ እንቀጥል ነበር።

ኋላ ኮታ መጣ። ገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ይህን ያህል ጎረምሳ አምጣ ይባላል። ሊቀመንበሩ የዘመዶቹን ልጆች ያስቀርና የሚጮህለት የሌለውን ይሰጣል። የባልቴት ልጅ ደግሞ ማን ይጮህለታል? የጓደኛየ እናት ይህን ስላወቁ ልጃቸውን ሐይቁ ዳር ካለው ወንድማቸው ዘንድ ላኩት። ከሰው ቁመት በሚረዝመው ደንገል መሃል ጎጆ ቀልሶ ከአጎቱ ከብቶች ጋር ተቀመጠ። ወረታን እንዳይረግጥ ጡታቸውን ይዘው አስማሉት። እሑድ እሑድ ብቻ በማሳው መሃል ተደብቆ መጥቶ ከሳቸው ጋር ምሳ ይበላና ይመለሳል። ሌላ ልጅ የላቸውም። ሳምንቱን የሚቆጥሩት ለዚያ ምሳ ነበር።

እኔ ደግሞ ያለሱ ጉድ ሆንኩ። አዲሱ ጓዴ እጁ ጭቃ ነው። የጎረቤቷ ከተማ የሐሙሲት ልጆች ሁለት እሑድ ተከታትለው መጥተው ደበደቡን፤ በመጡበት መኪና ላይ ሆነው "ወረታ ምሷን አገኘች!" እያሉ ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ። ክፍል ውስጥ ተቀምጨ የማስበው ታቦርን ነበር።

ሐይቁ ዳር ለሚመላለስ አንድ ዓሣ ነጋዴ መልእክት ሰጠሁት። "እሑድ ጠዋት ና በለው። አንድ ጨዋታ ብቻ። ለምሳ እናቱ ቤት ይደርሳል።" የወረዳው ኮታ እንዳልሞላ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብየ እዚህ ላይ አልዋሽም፤ የዋሸሁት ይበቃል።

መጣ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። እናቱ እንዳያዩት ከቤታቸው ጓሮ ርቆ፣ አዲስ በተዘራው የሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ ዞሮ ነው የመጣው።

"አንድ ብቻ፣ እ?" አለኝ። "እማየ ምሳ ሠርታ እየጠበቀችኝ ነው።"

"አንድ ብቻ" አልኩት።

አምስት ጎል የቀደመ ያሸንፋል። አምስት ለሁለት ሸኘናቸው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እሱ ዘንጉን ለቀቀና እጁን በጋቢው ጠርጎ "በል ልሂድ" አለኝ። የሐሙሲት ሁለተኛ ቡድን ግን ቆሞ ይጠብቃል።

"የት ነው የምትሄደው? አሸናፊ ይቀጥላል! ትተህ ከወጣህ ፈሩ ይሉናል።"

"ፈሪስ ነኝ" አለኝ። "ፈሪ ባልሆን ደንገል ውስጥ ከትንኝ ጋር አድር ነበር?"

"ይችን ብቻ" አልኩት። ተመልሶ ዘንጉን ያዘ።

አንድ ገባብን። ሁለት ገባ። ሦስት። ቀጥታ የመጡ፣ አያቴ እንኳ የሚያቆሟቸው ኳሶች ናቸው። ዞር ብየ ሳየው እጁ ዘንጉ ላይ ደርቋል፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ያኔ ገባኝ። አሸንፎ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ተሸንፎ መሄድ ግን ደንቡ ነው፣ ማንም ፈሪ አይለውም። ሆን ብሎ እየተሸነፈ ነበር።

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ "ትሸጠኛለህ!" ብየ ጮህኩበት። "ና ወዲህ፣ ቦታ ቀይር!" ገፍቸ ታቦርን ራሴ ያዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቸ አላውቅም። አንድም ኳስ አላለፈችኝም ብል ይቀለኛል፤ አንድ አለፈችኝ። ከኋላ ሆኘ፣ ዳገቱን እያስወጣሁ፣ አምስት አገባሁ። መሃል ላይ ጓደኛየ ወደ ጆሮየ ጠጋ ብሎ "አፈር ስሆን፣ ተው ይግባብን" አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አምስት ለአራት አሸነፍን። እኔ ዘልየ ጣራውን መታሁ። እሱ አልዘለለም። ሦስተኞቹ ተረኞች ወዲያው ቆሙ፣ ኳስም ወረደች።

የመኪና ድምፅ ሰምተናል። ግን መገንጠያ ላይ የመኪና ድምፅ መች ጠፍቶ ያውቃል? ማንም ቀና አላለም። ቀና ስንል በሩን አብዮት ጠባቂዎች ዘግተውት ነበር።

ውጭ አስወጥተው አሰለፉን። የተማሪ መታወቂያየን ማንም አምጣ አላለኝም። ራሴ አውጥቸ እንደ ባንዲራ ከፍ አደረግኩት። "ተማሪ ነኝ! ተማሪ ነኝ!" ድምፄ ቀጥኖ የሴት ሕፃን ድምፅ መስሎ ነበር። አንዱ በክንዴ ጎትቶ ከሰልፉ አወጣኝ። ጓደኛየ መታወቂያም የለው፣ የሚያሳየው መዳፉን ብቻ ነው። ገፍተው መኪናው ላይ ጫኑት።

ከላይ ሆኖ ፈለገኝና አገኘኝ። ይሰድበኛል ብየ ነበር፤ ምነው በሰደበኝ። "እማየን ልመጣ ነበር በላት" አለኝ። "እየመጣሁ ነበር በላት፣ እሽ?"

"እሽ" አልኩት። መኪናው ተነሣ።

እናቱ ከቤታቸው ደጅ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ሐይቁ በኩል ያያሉ። ልጃቸው በዚያ በኩል ነበር የሚመጣው። እኔ በከተማው በኩል፣ ከኋላቸው መጣሁባቸው። ያለኝን ልነግራቸው ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ይህን ስል ማን ጠራው ይሉኛል ብየ ፈራሁ። አፌ ሌላ አወጣ።

"እትየ፣ ጆተኒ ቤት ሲጫወት ያዙት። ሂድ፣ ምሳ ትጠብቅሃለች ብየው ነበር። እምቢ አለኝ።"

አልጮሁም። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ኋላ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። "ጨዋታ በለጠብኝ?" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ የሰማሁት ይህንኑ ነው።

ደብዳቤ አልመጣም፣ ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በጎንደር መንገድ በባዶ እግሩ ሲጎርፍ፣ እሳቸው መገንጠያው ላይ ድንጋይ አስቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጡ። የእያንዳንዱን ፊት አዩ። አልነበረም። ለቅሶም አልተቀመጡ፤ የት ብለው፣ ለማን ብለው? እኔ ሳልፍ ሁልጊዜ ከተቀመጡበት ብድግ ይሉልኛል። "አንተስ መክረኸው ነበር ልጀ፣ እግዜር ይስጥህ" ይሉኛል። ይመርቁኛል! ያ ምርቃት አንጀቴን እየበላው ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን እንኳ ምርቃቱን ልመልስላቸው አፌ አልተላቀቀም። ዛሬ ነገ ስል ኖርኩ።

የጓደኛየ እናት ሊሞቱ ሲሉ አባቴ ተጠሩ። ነፍስ አባታቸው ነበሩ። ጠበል ይዠ ተከትየ ገባሁ። አባቴ ጸሎታቸውን ጨርሰው ራቅ ሲሉ፣ እናቲቱ በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ። አሁን እነግራቸዋለሁ፣ አሁን ካልነገርኩ መቼም አልናገርም ብየ ነበር። ቀደሙኝ።

"ልጀ" አሉኝ፣ "ያን ቀን አሸንፎ ነበር?"

የጠረጴዛው ቁልቁለት፣ የደረቀ እጁ፣ "ተው ይግባብን" ያለኝ ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። አባቴ ከበስተኋላየ ቆመው ይሰማሉ።

"አዎ እትየ" አልኩ። "አሸንፎ ነበር።"

"ይሁን" አሉ። "ደስ ብሎት ነበራ።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማለዳ ላይ አረፉ።

መንገድ ላይ አባቴ ትከሻየን ይዘው "ደግ አደረግህ፣ አጽናናሃቸው" አሉኝ። ልጃቸው ያን ቀን መሸነፍ ነበር የፈለገው፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ እሳቸው ዘንድ ሊደርስ። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ።