የጭምብሉ ማሰሪያ

ሽማግሌው ሳንቃ በር በሚባለው ተራራማ ቦታ በቅሎ ነጂ ነበሩ። የገዛ በቅሏቸው ደረታቸውን ረግጣ ጎድናቸውን ሰባበረችው። ደባርቅ፣ እኔ በነርስነት ወደምሠራበት ሆስፒታል ሲያመጧቸው ሕመሙ ደህና አድርጎ አያስተነፍሳቸውም ነበር፤ በአፍንጫቸው የሰጠናቸው ኦክስጅንም አልበቃ አለ። ሐኪሙ፣ "አየር በሚገፋው ጭምብል እናግዛቸው። እምቢ ካሉ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ አስገብተን ወደ ጎንደር መላክ ነው" አለኝ። በዚያ ትንፋሽ መንገድ ላይ ያለችውን ዳባትን እንኳ የሚያልፉ አልመሰለኝም።

ጭምብሉን አፍና አፍንጫቸው ላይ ገጥሜ፣ ማሰሪያውን በአገጫቸውና በጉንጫቸው አዙሬ ሳጠብቅ ባለቤታቸው ገቡ።

"ኧረ በሕግ አምላክ! ነፍሱ ሳትወጣ ገነዙብኝ!"

እኛ አገር አገጩ የሚታሰር የሞተ ሰው ነው። ሽማግሌው ጩኸቱን ሲሰሙ ጭምብሉን ከፊታቸው መነጨቁት፤ ማሽኑም ይጮህ ጀመር። እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት።

"እማማ፣ እኔ ነርስ እንጂ ገናዥ አይደለሁም!"

 የባላቸውን የተገለጠ እግር በጋቢ ሊሸፍኑ ጎንበስ ሲሉ አየሁና አንጀቴን በሉት። ማሰሪያውን ፈትቼ ጭምብሉን ብቻ አስያዝኳቸው።

"እርስዎ ይያዙላቸው። ሲጨንቃቸው ያነሡታል።"

የሚወጣውን አየር በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ነፋስ ብቻ ነው?"

"ነፋስ ብቻ ነው።"

ጭምብሉን የባላቸው ፊት ላይ አሳረፉት። "ሳበው፣ የኔ ጌታ። ቀስ ብለህ። እኔ ይዤህ የት ትሄዳለህ?"

ሽማግሌው መጀመሪያ ከነፋሱ ጋር ታገሉ። ባለቤታቸው አብረዋቸው ይስባሉ፣ አብረዋቸው ያስወጣሉ፤ ሳላውቀው እኔም አብሬ መተንፈስ ጀምሬአለሁ። ቀስ በቀስ የሽማግሌው ትከሻ ረገበ፣ የከንፈራቸው ጥቁረት ለቀቀ። ደስ ከማለቱ የተነሳ ዕንባዬ መጣ።

የእማማ ክንድ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጅ ቀየሩ፤ ያም ዛለ። ልቀበልዎት ብላቸው በክርናቸው ገፉኝ። ይሄኔ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ያን ክንድ አዩት፣ አዩትና ጭምብሉን በጣታቸው ጥቂት ከፍ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እጇ ዛለ" አሉኝ። "ግድ የለም፣ ግነዢኝ።"