ሳልቆም የደረስኩበት ጥድ

የልጅ ልጄ ለሩጫ ብሎ የገዛው ጫማ ይኸው ሰነበተ፣ በረንዳው ላይ ከእኔ ጋር ፀሐይ ይሞቃል። መጀመሪያ ሰሞን ልጁ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ሮጦ ይመለስ ነበር። ትናንት «ምነው ተውከው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ሞራል አጣሁ» አለኝ። ሞራል! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከሳቁ ኋላ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ እንዲህ ቤት በቤት አልነበረችም፤ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃና የጅብ ጩኸት ነበረች። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነኝ። ሰፈሩ በሙሉ ሲከሳ እኔ በምን ተአምር እንደምወፍር እግዜር ይወቀው። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ «ዱባ» ነበር የሚለኝ። እሱ ከጦር ሜዳ ጉልበቱን በጥይት ተመትቶ የተመለሰ ነው። ወጌሻው «ከእንግዲህ ያለ ዱላ አትሄድም» ብሎታል። ታደሰ ግን ድኖ ዱር ካሉት አርበኞች ጋር ሊቀላቀል ቆርጧል። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን፤ እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ጠዋት ጠዋት እንጨት ለቀማ ብለን እንወጣለን። ጣሊያኖቹ ጤነኛ ጎረምሳ ለመንገድ ሥራ ያፍሱ ስለነበር ኬላው ጋ ስንደርስ ታደሰ ከወትሮው አብሶ ያነክሳል። እኔንም ደጋፊው ነው ብለው ያልፉኛል። ጫካው ውስጥ ስንገባ ዱላውን በብብቱ ይሸጉጥና ከወንዙ ተነስቶ ኮረብታው አናት ላይ እስካለው ጥድ ሽቅብ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ያስነባው ነበር። ክረምቱ ገባ፣ በቆሎው አሸተ፣ እሱ እያነከሰም ቢሆን መሮጥ ጀመረ። ጤነኛው እኔ ግን እመንገዱ አጋማሽ ካለችው ድንጋይ ሳልቀመጥ አልፌ አላውቅም። ከመቀመጤ ብዛት ድንጋይዋ ለስልሳ ነበር።

«ምነው ዱባ፣ ድንጋይዋ ናፍቃህ ነው?» ይለኛል ከላይ ሆኖ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልተንፍስ።»

«ጣሊያን ሲያባርርህም እንዲሁ ልትለው ነው?»

«እሸት በቆሎ ይዞ ከፊቴ ይሩጥ እንጂ፣ የማባርረውስ እኔ ነኝ።»

አንድ ቀን ስቆ ሲያበቃ ኮስተር አለና፣ «ሳትቆም እዚህ የደረስክ ዕለት አብረን እንሄዳለን» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሞራል የሚባል ነገር አልጠፋብኝም። በእንቅልፌ ሳይቀር እሮጥ ነበር፤ አብሮኝ የሚተኛው ታደሰ በእርግጫዬ ተማሯል።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ስነቃ ታደሰ መደቡ ላይ የለም። ቀድሞኝ ወጥቷል ብዬ ተከተልኩት። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ወንዙን ተሻግሬ ሽቅብ ተያያዝኩት። ድንጋይዋን ሳላያት አለፍኩ፤ አፌ ደም ደም አለኝ፣ አልቆምኩም። ጥዱን በሁለት እጄ አቅፌ «ጋሼ! ደረስኩ!» ብዬ ጮህኩ።

ወፍ እንኳ አልመለሰልኝም። ዱላው ጥዱን ተደግፎ ቆሟል። ከሥሩ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ አለ፤ ከስንቁ ከፍሎ የተወልኝ። ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ በላሁት። ሆዳም ሲያለቅስም ይበላል።

ቤት ስገባ እናቴ ዱላውን እንጂ እኔን አላየችም። ለካ ስንቁን ያዘጋጀችለት እሷ ናት።

«አንተስ ደረስክ?» አለችኝ።

«ሳልቆም።»

ዱላውን ተቀብላ ዳበሰችው፣ ከዚያ መልሳ አስጨበጠችኝ። «በል፣ ከዛሬ ጀምሮ የምታነክሰው አንተ ነህ። እኔ ለዱር የምሰጠው ሁለተኛ ልጅ የለኝም።»

ሩጫ በለመድኩባት ቀን ማንከስ ጀመርኩ። ጣሊያን እስኪወጣ አነከስኩ።

አርበኞቹ ሲገቡ እኔና እናቴ መንገድ ዳር ቆምን። ሰው ሁሉ ፊት ፊታቸውን ሲያይ እኛ አንገታችንን ደፍተን እግር እግራቸውን እናያለን። ስንቱ እግር አለፈ! አንድ ሰው ባነከሰ ቁጥር እናቴ ክንዴን ጭምቅ ታደርጋለች፣ ቀና ትላለች፣ መልሳ ትለቀኛለች። ታደሰ አልነበረም። እስክትሞት ድረስ እንግዳ በደጃችን ሲገባ አስቀድማ የምታየው እግሩን ነበር።

አሁን ያለ ማስመሰል አነክሳለሁ። የልጅ ልጄን ዛሬ ጠራሁትና፣ «ነገ ጠዋት ፌርማታው ጋ ወጥቼ እቆማለሁ። ከአስኮ መንገድ ተነስተህ እኔ ጋ ድረስ ብቻ ሩጥ» አልኩት።

«አባባ፣ ብዘገይስ?»

«በዚህ ጉልበት የት እሄድብሃለሁ!»

ሳቀ። ይሳቅ። ቢዘገይም፣ መንገድ ላይ ድንጋይ አግኝቶ ቢቀመጥም፣ እስኪደርስ ከዚያ ንቅንቅ አልልም።